የመካኒኩ ጣት

ጣቱ ተነሳች።

መካኒኩ ራሱ መነሳቷን አላወቀም። ከመስኮቱ ሥር ባለችው የእንጨት ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል፤ ልክ ጋራዡ ውስጥ ሞተር ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው። እዚያ ደንበኛው ሞተሩን ያስነሳል፤ እሱ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ይልና ዓይኑን ይጨፍናል፤ የታመመው ድምፅ ብቅ ሲል የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ወደ ላይ ትነሳለች። «አገኘሁት፣ አቁመው» ማለቱ ነው። በዚህች ጣት ነው ስሙ ሰፈሩን ያዳረሰው።

አሁን ፊት ለፊቱ ያለው ግን ፒያኖ ነው። የምትጫወተው ደግሞ እናቷን በጨቅላነቷ ያጣች አንድያ ልጁ ናት። የጋራዡ ሰዎች ትንሽነቷንና ጠንካራነቷን አይተው «ቡሎን» ብለው ስም አወጡላት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ።

ቡሎን ጣቲቱን በዓይኗ ጠርዝ አየቻት። እጆቿ ከቁልፎቹ ላይ ተነሱ።

«ያቺን ከመጀመሪያው» አላት አባቷ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ከመጀመሪያው ጀመረች። ቁራጩ አጭር ነው። እንደ ዝናብ ጠብታ ጠብ ጠብ እያለ ይነሳና መሃል ላይ ግራ እጅ ቀኝ እጅን ተሻግሮ የሚያልፍበት አንድ ቦታ አለው። እዚያ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ቆመች። አልተሳሳተችም። ዝም ብላ ቆመችና አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጣቲቱ ገና አልተነሳችም ነበር። ልጅቷ ግን እየጠበቀቻት ነበር።

ፒያኖውን ተደግፋ የቆመችው መምህርቷ ይህን አየች።

«ቡሎኔ፣ ሂጂና ውሃ ጠጪ።»

«አልጠማኝም ቲቸር።»

«ስትደርሺ ይጠማሻል።»

ልጅቷ ፈገግ እያለች ወጣች። ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ ያለችው ጠባብ የማስተማሪያ ክፍል ለሁለቱ ቀረች። ፍቅራቸው የተጀመረው በዚህችው ክፍል ነው። እሱ ልጁን ሊወስድ ይመጣ ነበር፤ ቆይቶ ትንሽ ቀደም ብሎ መምጣት ለመደ፤ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ቀደም። እሷም እሱ ከመግባቱ በፊት ጸጉሯን መነካካት ስትለምድ ጊዜ፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ተግባብተው ነበር። አሁን ግን በፍቅር ሳይሆን በጭንቀት ነው የምታየው።

«ጣትህን…» አለች።

መካኒኩ ደንግጦ እጁን አየ። «ታጥቤያለሁ እኮ። ከጥፍሬ ሥር ያለው እንደሆነ በምንም አይለቅም።»

«ግራሶውን አይደለም የምልህ። በተሳሳተች ቁጥር ታነሳታለህ።»

«ታዲያስ? ካልነገርኳት በምን ታውቃለች?»

«ካንተ ቀድማ ነው የምታውቀው። ትናንት አንተ ሳትኖር ያን ቦታ አልፋው ሄዳለች። ተሳስታ፣ በራሷ ስቃ፣ አልፋው ሄዳለች። አንተ ስትቀመጥ ግን እዚያ አትደርስም።»

«እኔ የምቀመጠው ስለምወዳት ነው» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሥራዬን ጥዬ ነው የምመጣው። የኔ አባት የምሠራውን አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አላየልኝም። እሷም ነገ እንደዚያ እንዳትል ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የምታውቀውን ሁሉ ግን አልነገረችውም። ያቺ ጣት በተነሳች ቁጥር የገዛ አባቷ ከዘራ ይታያታል። ስማቸው የተፈራ የኦርኬስትራ መሪ የነበሩት አባቷ፣ እሷ የቡሎን ዕድሜ ሳለች፣ ከጀርባዋ ቆመው በስህተቷ ልክ ወለሉን ይመቱ ነበር። ካደገች በኋላ ሰው ባለበት ተጫውታ አታውቅም፤ ለተማሪዎቿ እንኳ በአፏ እያዜመች፣ በእርሳስ ጫፍ እያሳየች ነው የምታስተምረው። የምትወደው ሰው የምትፈራውን ሰው መምሰሉን እንዴት አድርጋ ትንገረው?

«እሑድን አልረሳሁም» አለ እሱ፣ ነገሩን ለማብረድ። እሑድ አባቷ ፊት ቀርቦ ልጅዎን ይስጡኝ ሊል ነው። «ለቡሎኔም ቀሚስ ተሰፍቶላታል። እህቴ ከሷ ብሳ…»

«እሑድ ብቻህን ና።»

«ብቻዬን?»

«ልጅቷን አታምጣት። እባክህ።»

«ለምን?»

በሩ ተከፈተ። ቡሎን አገጯ ላይ የውሃ ጠብታ ይዛ ገባች። መምህርቷ በልጅቷ ፊት መናገር አልቻለችም። እሱ በዓይኑ ጠየቃት፤ እሷ ዓይኗን ወደ ፒያኖው መለሰች።

መካኒኩ ያንን የዓይን መሸሽ መልስ አድርጎ ወሰደው። እኔን ትፈልገኛለች፣ ልጄን ግን ከአባቷ ትልቅ ቤት ደጅ ላይ ልታስቀርብኝ ነው አለ በልቡ። የልጁን እጅ ይዞ፣ ሳይሰናበት ወጣ።

* * *

«አላልኩም? እንዴ፣ አላልኩም?» አለች ታላቅ እህቱ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ የታጠበ ልብስ ታጣጥፋለች። የቡሎን እናት ካረፈች ጀምሮ ልጅቷንም፣ ቤቱንም፣ እሱንም የምታሳድገው እሷ ናት።

«ብለሻል እትዬ።»

«እነሱ ቤት ሰው የሚገባው ጫማው ታይቶ ነው። አንተን ከነግራሶህ እሺ አሉ እንበል። ልጅ ስትጨመርበትስ?»

«ጫማማ አንቺም ታስጠርጊናለሽ።»

«እኔ ወለሉን የማጥበው በራሴ ጉልበት ስለሆነ ነው። እነሱ ራሳቸው ነው የሚያጥቡት?» አለችና አንሶላውን አራገፈችው። ከዚያ ድምፅዋ ለዘብ አለ። «ሴትዮዋ ግን ክፉ አትመስለኝም። ምናልባት ሌላ ምክንያት ይኖራት ይሆናል። ጠየቅሃት?»

«በዓይኔ ጠይቄአታለሁ።»

«በዓይኔ ይላል እንዴ። አፍህ ምን ሆነብህ?»

መካኒኩ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ጆሮውን አቀና። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ይህ ቡሎን የምትለማመድበት ሰዓት ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ መሃል አንስቶ በገዛ እጁ የጠገነላት ትንሽ ኦርጋን ግን ድምፅዋ አይሰማም። ተነስቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

ልጅቷ ከምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ተንበርክካ በጣቶቿ እንጨቱን ትነካካለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ትከሻዋ ይወዛወዛል። ፊቷ እሱ ለረጅም ጊዜ ያላየው ብርሃን አለበት። በሩ ላይ ቆሞ ያያት ጀመር። ግራ እጇ ብድግ አለ፤ ቀኙን ተሻገረ፤ ተመለሰ። አልቆመችም። ያን ቦታ አልፋው ሄደች።

«ቡሎኔ» አላት።

እጆቿ ከጠረጴዛው ሥር ጠፉ። በፊቷ ላይ የነበረውም ብርሃን አብሮ ጠፋ።

«ኦርጋኗ ተበላሸች እንዴ? ልያት?»

«አልተበላሸችም።»

«ታዲያ ለምን እዚህ?»

ልጅቷ ለማስቀየም ብላ አልነበረም የተናገረችው። የሆነውን ነው የነገረችው። «እዚህ ላይ ስሳሳት አይሰማህም።»

መካኒኩ ጭንቅላቷን ዳሰሳትና ወደ ጓሮ ወጣ። ከግድግዳው ጋር ተደግፎ የገዛ እጁን አገላብጦ አየው። የሰው መኪና ሁሉ ሕመሙን ለእሱ ይናገራል፤ የገዛ ልጁ ድምፅዋን ከእሱ ሸሽጋለች።

«ጌታ ሆይ» አለ በለሆሳስ፣ «አንተ ሁሉን ትሰማለህ። እኔ ምን ስሰማ ነው የኖርኩት?»

ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም። አንድ ነገር ብቻ ቁርጥ ሆነለት። እሷ በእሱ የተነሳ ራሷን ደብቃለች፤ እሱ ግን እሷን ከሰው አይደብቃትም። ወደ ቤት ተመለሰና «እትዬ፣ ቀሚሱን ተኩሺላት» አለ። «እሑድ አብረን ነው የምንሄደው።»

እህቱ ፊቱን አየችና ቀልዷን ዋጠችው። ሌሊቱን ግን ከዓይኑ ያልጠፋው ወደ ፒያኖው ሲዞር ያየው የመምህርቷ ፊት ነበር። ተናዶባትም ናፈቃት።

* * *

እሑድ የአባቷን ቤት በር የከፈተችው ራሷ መምህርቷ ነበረች። መጀመሪያ እሱን አየችና ፊቷ በራ። ከዚያ ከኋላው የተተኮሰ ቀሚስ ለብሳ የቆመችውን ልጅ ስታይ ደሟ ከፊቷ ሸሸ።

«ብቻህን ና ብዬህ» አለች በሹክሹክታ።

«ሰምቼሻለሁ። ያለን ይኸው ነን። ካስቸገርን እንመለሳለን።»

«አልገባህም እኮ። አባቴ…»

«ማን ነው? በር ላይ ምን ያስቆማችኋል?» የሚል ወፍራም ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ በሰም የተወለወለ እንጨት። በአንድ ጥግ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ትልቅ ጥቁር ፒያኖ አለ። በሌላው ጥግ ሽማግሌው አባቷ በባለመደገፊያው ወንበር ላይ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። እግራቸው ዝሏል፤ ዓይናቸው ግን አሁንም አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ጸጥ ያሰኛል።

«መካኒኩ አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ መኪና የለኝም።»

«ለመኪና አልመጣሁም።»

«ለምን እንደመጣህማ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ጆሮ ያለው ሰው ስፈልግ ኖሬ፣ ልጄ የሞተር ጆሮ ይዛልኝ መጣች።»

«ሞተርም እኮ ጆሮ ይፈልጋል።»

ሽማግሌው ከንፈራቸው ዳር ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ታየና ጠፋ። «ይቺስ?»

«ልጄ ናት። ፒያኖ ትማራለች፣ ከልጅዎ።»

«ኧረ ባክህ። እንግዲያው የልጄን ሥራ ልስማዋ።»

«አባባ፣ ዛሬ አይሁን» አለች መምህርቷ ፈጥና።

«ለምን አይሁን? ልጅህን ስጠኝ ብሎ ቤቴ ሲመጣ፣ የእሱን ልጅ መስማት ነውር ነው?»

መምህርቷ ወደ መካኒኩ ዞረች። ዓይኗ ይለምነዋል፤ እምቢ በል ይለዋል። እሱ ግን ልመናውን አሁንም ሐፍረት አድርጎ አነበበው። አገጩን ቀና አደረገ።

«ትጫወታለች» አለ።

ነጩ ጨርቅ ተነሳ። ወንበሩ ለቡሎን ከፍ ስላለባት እግሮቿ ከወለሉ አልደረሱም። መምህርቷ ከሽማግሌው ወንበር ማዶ ባለው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መካኒኩ ግድግዳውን ይዞ ቆመ፤ በልማድ ዓይኑን ጨፈነ።

ጠብታዎቹ ጠብ ጠብ ማለት ጀመሩ። ከዚያ…

ቋ!

ከዘራው ወለሉን መታ። ልጅቷ ከትከሻዋ ድንግጥ አለች።

«ከመጀመሪያው» አሉ ሽማግሌው።

ጀመረች። አሁን ድምፁ ቀጥኗል።

ቋ!

በዚህኛው መካኒኩ ዓይኑን ገለጠ፤ ያየውም ልጁን ሳይሆን መምህርቷን ነው። የከዘራው ድምፅ ሲሰማ ሁለት እጆቿ ከጉልበቷ ላይ ብን ብለው ከሹራቧ ሥር ተሸሸጉ፣ ልክ እሳት እንደነካቸው። ይህች ሙሉ ሴት ናት። የሰው ልጆች የምታስተምር ሴት። የሚወዳቸው፣ ፒያኖ ላይ አርፈው ግን አንድም ቀን ያላያቸው እነዚያ ሁለት እጆች። «እኔ ማስተማር ብቻ ነው የምችለው» ስትለው ትሕትና መስሎት ይስቅ ነበር።

ከዚያ የራሱን እጅ አየ። ጣቱ ተነስታለች። ከዘራው ሲወርድ፣ በዚያው ቅጽበት እሷ ወጥታለች።

ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባው። «አታምጣት» ያለችው በልጅቷ አፍራ ሳይሆን ለልጅቷ ፈርታ ነበር። እሱ ደግሞ በኩራቱ እጇን ይዞ አምጥቶ እዚህ ወንበር ላይ አስቀመጣት።

ቡሎን ለሦስተኛ ጊዜ ልትጀምር እጇን አነሳች። ወደ አባቷ ተመለከተች። ፊቱን አልነበረም የፈለገችው፤ ጣቱን ነበር።

«ጋሼ» አለ መካኒኩ። «ይብቃ።»

«ምኑ?»

«ዱላው።»

«ስህተት ሰምተህ ዝም ልትል ነው?» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ጆሮ አለኝ ስትል አልነበር?»

«ስህተቱንማ ሰምቻለሁ። ስህተት በመስማት ከእርስዎ አላንስም። እንጀራዬ ነው። ግን እኔ የማዳምጠው ሞተር ነው፤ ሞተር ሲያዳምጡት አይፈራም። ይቺ ትፈራለች። እርስዎን ዛሬ ነው ያወቀችዎ፤ የምትፈራው እኔን ነው። እቤት ጠረጴዛ ላይ ነው የምትለማመደው፣ ድምፅ እንዳይሰማኝ። እኔ ዱላ አልያዝኩም ጋሼ። ጣቴ በቃችኝ።»

መምህርቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«የመጣሁበትን ያውቃሉ» አለ፤ አሁን ሽማግሌውን ሳይሆን እሷን እያየ። «ልጅዎን እወዳታለሁ። ከዚህ ቤት ወስጄ እንዴት አድርጌ እንደማኖራት ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ነገር ግን እሺታዎን የማገኘው ልጄን እዚህ ወንበር ላይ አስለቅሼ ከሆነ ይቅርብኝ። ነይ ቡሎኔ፣ እንሂድ።»

«ይቅርብኝ» የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ መምህርቷ ውስጥ አንድ ነገር ተሰበረ። የተሰበረው ግን ልቧ አልነበረም። ከልጅነቷ ጀምሮ ለልጅ ብሎ እንዲህ የሚል አንድ ሰው፣ ከዚሁ ፒያኖ አጠገብ ተቀምጣ፣ ስትጠብቅ ኖራለች።

ቡሎን ከወንበሩ አልወረደችም።

«አባዬ» አለች።

«ወዬ።»

«አልጨረስኩም እኮ።»

መምህርቷ ከሶፋው ተነሳች። ቀጥ ብላ ወደ አባቷ ሄደችና ከዘራውን ያዘች። ሽማግሌው ጨበጥ አደረጉት። አልታገለችም፣ አልለቀቀችምም።

«ሲነሱ እሰጥዎታለሁ አባባ» አለች።

የሽማግሌው ጣቶች ላሉ። ከዘራውን ወስዳ ከበሩ ኋላ፣ ከጃንጥላው አጠገብ አቆመችው። ስትመለስ አንገቷ ቀና ብሎ ነበር።

መካኒኩ ከልጁ አጠገብ ሄዶ ቁጢጥ አለ። «ምን ላድርግልሽ?»

ቡሎን አሰበች። «እዚህ ተቀመጥ» አለችና በወንበሩ ላይ ቦታ ሰጠችው። «እጅህ ላይ ደግሞ ተቀመጥበት።»

ትልቁ ሰውዬ ሁለት እጆቹን ከሥሩ አድርጎ ተቀመጠ። ሽማግሌው ይህን አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ጠብታዎቹ ወረዱ። ያ ቦታ ቀረበ። ግራ እጇ ተነሳ፣ ተሻገረ፣ አረፈ። ያረፈው የማይሆን ቦታ ላይ ነበር። ስህተቱ ጎልቶ ጮኸ፤ ከጣሪያው ነጥሮ ተመለሰ። ከመካኒኩ ጭን ሥር ጣቲቱ እንደ ታሰረች ወፍ ተንፈራገጠች። ልጅቷ መጫወቷን አቁማ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ከዚያስ?» አላት፣ ተረት እንደሚነገረው ሰው።

ልጅቷ ቅንድቧን አነሳች። ከዚያ ሳቀችና ቀጠለች። እስከ መጨረሻው ድረስ ቀጠለች። መጨረሻው ላይ ያለችውን ዝቅተኛ ድምፅ እስክትጠፋ ድረስ ተጭና ያዘቻት።

«ያቺ እጅሽ የተሻገረበት» አለ አባቷ፣ ድምፁ ሻክሮ። «ሆዴ ውስጥ ገባች። ደግመሽ ታሰሚኛለሽ?»

«ተሳስቼባት የለ?»

«እንደ ሆነች ትሁን።»

ሽማግሌው ወለሉን ያዩ ነበር። «ይሄን ቁራጭ» አሉ ለልጃቸው፣ «አንቺም ትጫወቺው ነበር።»

«አልጨረስኩትም አባባ።»

ወቀሳ አልነበረበትም። የሆነውን ነው የነገረችው። የሽማግሌው እጅ ከዘራውን ፈልጎ አጣውና ጉልበታቸው ላይ አረፈ።

«ከመጀመሪያው፣ ከመጀመሪያው ስል» አሉ፣ «መጨረሻውን እኔም ሳልሰማው ቀረሁ።»

ቡሎን በትልቆቹ ፊት ላይ ያለውን እየተመለከተች በወንበሩ ላይ ጠጋ አለች። «ቲቸር፣ ቦታ አለ» አለች። አባቷን በክርኗ ገፋ አደረገችው። «አንተ ተነስ።»

መካኒኩ ተነሳ። መምህርቷ ሲተላለፉ ለአፍታ ከፊቱ ቆመች። እንባዋ ወርዷል፤ አልጠረገችውም።

«ብቻህን ና ያልኩህ…»

«ገብቶኛል። ዘግይቼ ነው እንጂ ገብቶኛል። ይቅር በይኝ።»

እጇን ሰጠችው። ከጥፍሩ ሥር ግራሶ ያለበትን እጁን አንድ ጊዜ አጥብቃ ያዘችውና ለቀቀችው፤ ሄዳ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠች።

«ስማ መካኒክ» አሉ ሽማግሌው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «ስለ ጋብቻው ገና ምንም አላልኩም።»

«አላሉም ጋሼ።»

«አስብበታለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ተመለስ።»

«እሺ።»

«ልጅቷን ሳትይዝ እንዳትመጣ።»

መምህርቷ መልሰው ከሹራቧ ሥር የገቡትን እጆቿን አወጣቻቸው። ቁልፎቹ ላይ አሳረፈቻቸው፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ ጠብ አለች፤ ሁለተኛዋ ተከተለች። መካኒኩ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ዕድሜውን ሙሉ ዓይኑን የጨፈነው የተበላሸውን ሊፈልግ ነበር። አሁን የሚፈልገው ነገር አልነበረም። እሷ ያን ቦታ ልትሻገር ስትል ትንፋሹን ዋጠ፣ እጁንም ልቡ ላይ አደረገ፤ ጣቶቹ ሁሉ ተዘርግተው፣ ጸጥ ብለው።